ሸኛት ወይስ እሽ አላት?

ጥቅምት 4

አባዬ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ጉልበትህስ? ከሁሉ በፊት ይቅርታ። ሁለት ደብዳቤ ደርሶኝ ለአንዱም ሳልመልስ ወር አለፈኝ። «እጅሽ ከብዕር የሚከብድ ምን ይዞ ነው?» ብለህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ።

ለጠየቅከኝ በተራ ልመልስ። አዎ፣ ቢሮ ተቀይሮልኛል። አሁን የምሠራው ከችሎቱ አዳራሽ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ነው። አንድ መስኮት፣ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ የሚያነክስ ወንበር አላት። የሚያነክሰው የእኔ ነው። አይ፣ አልከሳሁም። አዎ፣ የአስተርጓሚነት ፈቃዴን በመስታወት አድርጌ ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ባለጉዳይ ሲገባ መጀመሪያ እሱን ያያል፣ ቀጥሎ እኔን ያያል፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሶ እሱን ያያል።

የያዝነው ጉዳይ የአንዲት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፈትል ክፍል ሠርታለች። ፋብሪካው «በገዛ ፈቃዷ ሥራዋን ጥላ ሄደች» ይላል፤ እሷ «ተባረርኩ» ትላለች። የሥራ ባልደረቦቿ ፈርተው አልመሰከሩም። ከማንም ወገን ያልሆነ ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ ማሽን ሊተክል ከውጭ የመጣ ባለሙያ። ያየውን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ወደ አገሩ ተመልሷል። የጽሑፉ ትርጉም ባለፈው ሳምንት ችሎት ላይ ተነቧል። ፍርዱ ገና ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። አንዲት ባልደረባዬ «ሹ» በሚለው የእንግሊዝኛ ግስ ላይ ተከራከረችኝ። አንተ ያስተማርከኝን ብነግራት አላመነችም። ትርጉሙንና አመጣጡን በእጅህ ጽፈህ ብትልክልኝ አሳያት ነበር።

ምንም አያጣድፍም። ግን ቶሎ ጻፍልኝ።

ልጅህ


ጥቅምት 11

ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አንዴ ለወሬው፣ አንዴ ለናፍቆቱ፣ አንዴ ለሰዋስው። «ምንም አያጣድፍም። ግን ቶሎ ጻፍልኝ» የሚባል ነገር የለም። ወይ ያጣድፋል፣ ወይ አያጣድፍም። ጉልበቴ ደህና ነው፤ ደረጃ ሲያይ ብቻ ነው የሚያጉረመርመው።

ለባልደረባሽ ይህን አሳያት። ከደብተሬ እንዳለ ገልብጬዋለሁ፤ ገጽ ሰባ ሁለት፣ ከላይ ሦስተኛው።

«ሹ፦ ግስ። እንግዳን በክብር መሸኘት። አመጣጡ፦ እንግሊዞች ጫማንም ሹ ይሉታል። የሁለቱ ቃላት ሆሄያት ቢለያዩም ድምፃቸው አንድ ነው። ጥንት ባለቤት እንግዳው ሲወጣ ጫማውን ከደጃፍ አንሥቶ ያቀብለው ነበርና፣ ጫማ ማቀበል መሸኘት ተባለ።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ተሳስተሃል ያለኝ አንድም ተማሪ የለም። ባልደረባሽ ካላመነች መምህሯን ትቀይር።

አሁን ደግሞ አንድ ወሬ አለኝ። ጉራ እንዳይመስልብኝ ልደብቅሽ ነበር። ሳስበው ግን ጉራ ነው፤ ስለዚህ ልንገርሽ። የድሮ ተማሪዎቼ ተሰብስበው ያንን የቃላት ደብተሬን በመጽሐፍ ሊያሳትሙት ነው! ታኅሣሥ አሥራ አምስት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ይመረቃል። አታሚው ሽፋኑን አምጥቶ አሳየኝ። «ጋሽ ሰረዝ» የሚለውን ቅጽል ስሜን ከእውነተኛው ስሜ አስበልጠው ጽፈውታል። ተቆጣሁ። ሽፋኑን ግን አልመለስኩለትም፤ አሁን ራስጌዬ ነው።

አንቺ ፊት ወንበር ላይ ነሽ። ሌላ ሰው እንዳይቀመጥበት ከአሁኑ ተናግሬያለሁ።

ስልክ ለምን አታነሣም ለሚሉሽ፣ በስልክ ነጥብና ሰረዝ አይታይም በያቸው።

አባትሽ


ኅዳር 2

አባዬ፣

«ምን ዘጋሽ?» ብለህ በፖስታ ካርድ ጠይቀኸኛል። አምስት ጊዜ ጀምሬ አምስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ይሄኛውን ሳልቀደው ፖስታ ቤት አደርሰዋለሁ ብዬ ኮቴን ለብሼ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ እንኳን ደስ አለህ። ሽፋኑን እንዳልመለስክለት ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ አለቀስኩ። የለቅሶውን ምክንያት ልነግርህ ነው።

ባልደረባ የሚባል የለም። ባልደረባዋ እኔው ነኝ።

የውጭው ባለሙያ፣ የፋብሪካው ተቆጣጣሪ ሴትዮዋን ከማሽኑ አዳራሽ «ሹ» አደረጋት ብሎ ጽፏል። እኔ «ተቆጣጣሪው ሴትዮዋን ከአዳራሹ በክብር ሸኛት» ብዬ ተረጎምኩ። ፈረምኩበት፤ ማኅተም አስመታሁበት። መዝገበ ቃላት አልገለጥኩም። ጥርሴን የነቀልኩበት ቃል ነው፤ የአባቴን ስም ለማወቅ መታወቂያ እጠይቃለሁ እንዴ?

ትርጉሙ ችሎት ላይ ሲነበብ ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ዳኛዋ እንድትቀመጥ አዘዟት። ችሎቱ ሲበተን ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ። ረጅም ናት፤ ጣቶቿን ክር በልቷቸው ጫፋቸው የለሰለሰ።

«አንቺ ነሽ የተረጎምሽው?» አለችኝ።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ እህቴ። ያ ሰውዬ ግን ከእኔ አምስት እርምጃ ላይ ቆሞ ነበር። የማሽኑ መከለያ ተሰብሮ የአንዷን ልጅ እጅጌ ጎተተው፤ ማሽኑን አጠፋሁት። ተቆጣጣሪው መጣ። አልሰደበኝም፤ በእጁም አልነካኝም። እያጨበጨበ «እሽ! እሽ! እሽ!» እያለ እስከ በር ድረስ ነዳኝ። ያ ሁሉ ሠራተኛ እያየ! ከዚያ በሩን ዘጋብኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝንቤን እሽ ያለኝ ሰው አልነበረም። ያ ሰው በዓይኑ ያየውን እንዴት ሸኛት ብሎ ይጽፋል?»

ቢሮ ገብቼ መዝገበ ቃላቱን እንደ መግለጥ ለአንተ ጻፍኩ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ፈራሁ። አንተ ሌላ ነገር ብለህ እንድትጽፍልኝ፣ በልጅነቴ እኔ ነኝ አጣምሜ የሰማሁት እንድትለኝ ነበር ጸሎቴ። መልስህ ሲመጣ ግን ቃል በቃል ያው ነበር። ያን ጊዜ ገለጥኩት።

«ሹ» ከጫማ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፣ አባዬ። ድምፅ ነው። እኛ ዶሮና ዝንብ ስናባርር «እሽ» እንደምንለው ሁሉ፣ እነሱም ከመቶዎች ዓመታት በፊት ጀምሮ «ሹ! ሹ!» ይላሉ። ድምፁ ከጊዜ ብዛት ግስ ሆነ፤ ወፍን፣ ዶሮን፣ ያስቸገረ ልጅን እሽ ብሎ ማባረር። አንድ መዝገበ ቃላት ቢለኝ አላምነውም ነበር። አራት አየሁ፤ አራቱም መዝገበ ቃላት ያው ናቸው።

ለክፍሉ ኃላፊ ነገርኩት። በሩን ዘጋና «ስሚኝ፣ ዋናውን እንግሊዝኛ ማንም ተመልሶ አያየውም። ዝም ካልሽ ያልፋል። አፍሽን ከከፈትሽ ፈቃድሽን ደህና ሁን በይው» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም። ጡረታው ደርሷል፤ ነገር አይወድም።

ችሎቱ ኅዳር አሥራ ሰባት ነው። እቀርባለሁ። የአንተን ነገር አላነሣም፤ ደብተሩን ያየ የለም። የመጽሐፉን ጉዳይ ግን አንተ ታውቃለህ።

ልጅህ


ኅዳር 7

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። «መዝገበ ቃላት» የሚለውን ደጋግመሽ ጽፈሻል። እያንዳንዱን አይቻለሁ።

ማክሰኞ አታሚው የመጨረሻውን ረቂቅ ሊወስድ ይመጣል። ሥራ አለብኝ።

አባትሽ


ኅዳር 11

አባዬ፣

ደብዳቤህ ከፖስታው አድራሻ ታጥራለች። አንዲት ስሕተት እንኳ አላረምክልኝም፤ ምን ያህል እንደከፋህ ያወቅሁት በዚያ ነው።

ስለ አነጋገሬ ይቅርታ አድርግልኝ። ከፊትህ ተቀምጬ፣ እጅህን ይዤ መናገር ነበረብኝ። ስለ ነገሩ ግን ይቅርታ አልጠይቅም። ብጠይቅ ራስህ ትቆጣኛለህ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ በፈተና ወረቀቴ ላይ በስሕተት አምስት ነጥብ ጨምረህልኝ አልነበር? ማንም አላወቀም። አንተ ግን በማግሥቱ ክፍል ገብተህ «ለልጄ የማይገባትን ሰጥቻለሁ» ብለህ ሁሉም እየሰማ ቀነስከው። ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩህ። እናቴ «አባትሽ እንዲህ ያለ ሰው ነው፤ ወይ ትለምጅዋለሽ ወይ ትመስይዋለሽ» ብላ ሳቀችብኝ። ሳልወድ መሰልኩህ፣ ምን ላድርግ?

ባትጠይቀኝም ልንገርህ፤ ጠበቃ አልያዝኩም። ምን ሊሠራልኝ? የማወራው ስለ ራሴ ፊርማ ነው። የምለብሰውም ግራጫውን ልብስ ነው። ተኩሼዋለሁ።

እየተቆጣህም ቢሆን ጻፍልኝ።

ልጅህ


ኅዳር 15

ልጄ፣

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ እንደምትቀርቢ አውቃለሁ። ቢሆንም እጽፋለሁ፤ ለአስተማሪ ዘግይቶ መጻፍ ካለመጻፍ ይሻላል።

ሦስት ቀን ከራሴ ጋር ተጣላሁ። «አራት መዝገበ ቃላት ቢሳሳትስ?» እስከ ማለት ደረስኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን ጋ ሄድኩ። ግቢዋ ውስጥ ስምንት ዶሮ አላት፤ የተቆረጠ ጨርቅ ላይ እየወጡ ያስመርሯታል። በሩ ላይ ቆሜ አየኋት። መቀሱን አስቀመጠች፣ እጇን አራገበች፣ «እሽ!» አለቻቸው። ሄዱ።

«እስኪ ድገሚው» አልኳት።

«ምኑን ጋሼ?»

«ዶሮዎቹን ስታባርሪ ያልሽውን።»

«ውይ በሞትኩት! እርስዎ ደግሞ ዶሮ ማባረር ጠፋብዎት?» አለችና ደገመችው። ከከንፈሯ የሚወጣውን አየር ሰማሁ፣ ልጄ። ማስረጃ አያስፈልገውም። ሰው እጁ ባዶ ሆኖ አንድ ነገር ከፊቱ እንዲሄድለት ሲፈልግ የሚያወጣው ድምፅ ነው። እዚያው በርጩማዋ ላይ ተቀመጥኩ።

አሁን የማንም ጆሮ ያልሰማውን ልንገርሽ፤ ለእናትሽም አልነገርኳትም። በሃያ ሁለት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ስገባ የነበረኝ አንድ የተረት መጽሐፍ ብቻ ነበር። መዝገበ ቃላት የሚባል በአካባቢው አልነበረም። በአንዱ ተረት አሮጊቷ ደጃፍ ላይ ቆማ «ሹ» አደረገቻቸው ይላል። ሥዕሉ ላይ አሮጊቷ አለች፤ እግሯ ሥር የተደረደረ ጫማ አለ። ማንን «ሹ» እንዳደረገች የሚያሳየው ቀጣዩ ገጽ ተቀዶ የለም። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ስድሳ ዓይን ተተክሎብኛል። «አላውቅም» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ነበር። አፈርኩ። ጫማዎቹን አየሁና ያን ሁሉ ታሪክ እዚያው ቆሜ ፈጠርኩት። በማግሥቱ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከዓመት በኋላ የፈጠርኩት መሆኑን ረሳሁት። ኩራት ብዬ የያዝኩት ነገር የአንድ ቀን እፍረት ነበር።

ማክሰኞ አታሚው መጣ። ረቂቁን አልሰጠሁትም። «ጋሼ፣ ቀኑ ደርሷል፣ ምነው?» አለ። «መጀመሪያ አነበዋለሁ» አልኩት። «ራስዎ የጻፉትን?» «ለዚያ ነዋ!» ከትምህርት ቤቱ መዝገበ ቃላት ተውሼ እያንዳንዱን ቃል አመሳከርኩ። አሥራ አንድ ሌላ ስሕተት አገኘሁ። እንደ ገጽ ሰባ ሁለቱ የከፋ ግን የለም።

ዳኛዋ ማን አስተማረሽ ካሉሽ ስሜን ጥሪ። እኔን ለመሸፈን እንዳትሞክሪ። ስሕተት ያስተማረ መምህር ተብዬ መጠራት እችላለሁ። በልጁ ትከሻ የተደበቀ አባት ተብዬ ግን አልጠራም።

ባለፈው ደብዳቤሽ ላይ ስሕተት ፈለግሁ። የለም።

አባትሽ


ኅዳር 20

አባዬ፣

ደብዳቤህ የደረሰኝ በችሎቱ ማግሥት ነው። ስለዚህ ስምህን ሳልጠራ ቀርቻለሁ፤ ይቅር በለኝ። «ስሜን ጥሪ» የሚለውን ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ የማላውቃቸው ሰዎች «አይዞሽ፣ ምን ሆንሽ?» እስኪሉኝ ድረስ።

እንዴት ሆነ ትላለህ፤ እንዲህ ሆነ።

ችሎቱ ሲጀመር እጄን አወጣሁና «ክብርት ዳኛ፣ በመዝገቡ ውስጥ በእኔ ፊርማ የገባ ስሕተት አለ» አልኩ። ኃላፊያችን ከኋላ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። ቃሉን፣ ትርጉሙን፣ ከድምፅ መወለዱን ተናገርኩ፤ አራቱን መዝገበ ቃላት ጠረጴዛው ላይ ገልጬ አስቀመጥኩ። የፋብሪካው ጠበቃ ተነሥቶ «አስተርጓሚዋ በከሳሿ ተለምና ነው» አለ። ዳኛዋ ቀና ሳይሉ ገጾቹን አንድ በአንድ አነበቡ።

«በክብር ሸኛት የሚለውን ከየት አመጣሽው?»

«ልጅ ሆኜ ተምሬው ነው። ሳላጣራ ፈረምኩ። ማንም ያስተምረኝ፣ የፈረመችው እጅ የእኔ ናት።»

ከዚያ ወደ ተቆጣጣሪው ዞሩ። «አንተ እንዴት አድርገህ ነው ያስወጣሃት?»

«መንገዱን አሳየኋት፣ ክብርት ዳኛ። በእጄ።»

«እስኪ ለእኛም አሳየን።»

ተነሣ። ሁለቱን እጆቹን ወደ ደረቱ አነሣ፤ መዳፎቹ ሊገናኙ ትንሽ ሲቀራቸው ቆመ። ሴትዮዋ ከመቀመጫዋ ሳትነሣ «ጨርሰዋ!» አለችው። ዳኛዋ «ዝም በይ» አሏት፤ ግን ቀስ ብለው ነው ያሏት። ሰውዬው እጆቹን ወደ ኪሱ መለሰ።

ተፈርዶላታል። ወደ ሥራዋ፣ ወደዚያው ማሽን ትመለሳለች፤ መከለያው እንዲጠገንም ታዟል። ስትወጣ ታመሰግነኛለች ብዬ አልጠበቅሁም፤ አላመሰገነችኝምም። እጄን ጨበጠችና «ሰኞ እገባለሁ» አለችኝ። «በፊት በር፣ ሁሉም እያየኝ።» አንገቷን ቀና አድርጋ ስትሄድ ብታያት! ደረጃውን ስትወርድ የፋብሪካው ጠበቃ መንገድ ለቀቀላት።

የእኔን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት እንዳትደነግጥ ነው። ፈቃዴ ለስድስት ወር ታግዷል። ሥልጠና ገብቼ እንደገና እፈተናለሁ። ከግድግዳው ላይ ያወረደልኝ ኃላፊያችን ራሱ ነው። በጋዜጣ ጠቀለለውና፣ «መሳቢያዬ ውስጥ ይቀመጥ፤ እቤት ከወሰድሽው አቧራ ይበላዋል» አለኝ። ከዚያ የእሱን ደህና ወንበር ወደ እኔ ጠረጴዛ ገፋው፣ የእኔን ወሰደ። አሁን ማህደር እደረድራለሁ።

አልከፋኝም፣ አባዬ። እውነቴን ነው። በኮሪደሩ ሳልፍ ራሴን ቀና አድርጌ ነው የምሄደው።

አንድ ክፉ ነገር ግን አለ። ሥልጠናው ታኅሣሥ አሥራ አምስትንም ይጨምራል፤ አንድ ቀን የቀረ ይሰረዛል። ፊት ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጥልኝ።

ልጅህ


ታኅሣሥ 17

ልጄ፣

ወንበሩን ለማንም አልሰጠሁም። ባዶውን ዋለ። «የማን ነው?» ላለኝ ሁሉ «የልጄ ነው፤ እሷ ሥልጠና ላይ ናት፤ ለምን ሥልጠና እንደገባች ልንገርህ?» እያልኩ ስንቱን በር ላይ ገተርኩት መሰለሽ!

እንዴት ዋለ ሳትይኝ አትቀሪም። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ቆሟል። መድረክ ላይ ሲያወጡኝ የጻፉልኝን ንግግር ኪሴ ውስጥ ከተትኩና አሮጌውን ደብተር አወጣሁ። ገጽ ሰባ ሁለትን ጮክ ብዬ አነበብኩ። የድሮዎቹ ተማሪዎች ራሳቸውን እየነቀነቁ አብረውኝ አሉት፤ ጫማ ማቀበል መሸኘት ተባለ! አሳምሬ ነው ያስተማርኳቸው።

«ሐሰት ነው» አልኳቸው። «እኔ ነኝ የፈጠርኩት። አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።» የተቀደደውን ገጽ ነገርኳቸው። ልብስ ሰፊዋንም፣ ዶሮዎቿንም፣ የፋብሪካዋን ሠራተኛም፣ አንቺንም ነገርኳቸው።

ከመሃል አንድ ራሰ በራ ሰው ተነሣ። ፊቱ ቀልቷል። ባሕር ማዶ የትልቅ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ ነው አሉ፤ ለዚሁ ቀን ብሎ የመጣ።

«ጋሽ ሰረዝ» አለኝ፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! እንግዶቹ ሻንጣቸውን ይዘው ሲወጡ እስከ በር ተከትያቸው፣ ጎንበስ ብዬ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ‹ክቡራን፣ ሹ ላድርጋችሁ› ስላቸው ኖሬያለሁ! ሰዎቹ የሚስቁት በትሕትናዬ ተደስተው ይመስለኝ ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ተደግፈው እንባቸውን ጠረጉ። ሳቁ ሲበርድ ያ ራሰ በራ መድረክ ላይ ወጣና አቀፈኝ። «ሠላሳ ስምንት ዓመት ያላስተማሩንን ዛሬ አስተማሩን» አለኝ በጆሮዬ። ከዚያ ተማሪዎቼ አንድ በአንድ እየመጡ መጽሐፉን አስፈረሙኝ። እጄ ደከመ። እንዲህ ያለ ድካም በየቀኑ ይስጠኝ።

መጽሐፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሻለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም አሁንም ትልቅ ነው፤ ተውኩት። ቃሉ በትክክለኛ ትርጉሙ ገብቷል። መግቢያው መጨረሻ ላይ ግን አንዲት መስመር አለች፤ ከአታሚው ጋር ያከራከረችኝ። «የገጽ ሰባ ሁለትን ስሕተት ያገኘችው ልጄ ናት» ትላለች።

አታሚው ሲያነባት ብዕሩን አወጣ። «ጋሼ፣ ስሕተቱ እኮ ወጥቷል። አንባቢ አያየውም። ምን ብለን እናወራዋለን?»

«እኔ የማወራው ስሕተቱን አይደለም» አልኩት። «ልጄን ነው።»

አባትሽ